የሪፍ አኳሪየምን መስታወት ከአልጌ ለመጠበቅ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ቤት የትኛው ይሻላል?

ቤቱ የባሕር አኳሪየም ያስቀመጠ ሰው መስታወት ከመጥረግ አያመልጥም። ሪፍ የሚሉት፣ ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ ያለበት ገንዳ ብርሃንም ምግብም ስለሚያገኝ፣ ፍጹም ጤነኛ ቢሆን እንኳ በሁለት በሦስት ቀኑ ፊቱ ስስ አረንጓዴ ይለብሳል፤ አልጌ የሚሉት ይህ ነው። ጥያቄው በምን እንከላከለው የሚለው ነው። አንዱ ክፍሉ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ሆኖ መስታወቱን የሚጠርግ ማግኔት አለ፣ ምላጭ ያለው መፋቂያ አለ፣ ቀንድ አውጣ አለ፣ አልጌ የሚግጥ ዓሣ አለ፣ ፎስፌት የተባለውን የአልጌ ምግብ የሚመጥ ማጣሪያ አለ፣ የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት አለ። ሁሉም ለመስታወት ንጽሕና ተብሎ ይሸጣል፤ ሁሉንም መግዛት ግን አያሻም።

የሚነበበው ምክር በአብዛኛው የተጻፈው ቀዝቃዛ አገር ላለ፣ ቧንቧው ለማይቋረጥ፣ መብራቱ ለማይጠፋ ቤት ነው። ድሬዳዋ ሌላ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል። ውሃችን ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግር ጠጣር ውሃ ነው። መብራትም በመሐል ይሄዳል። እነዚህ ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲመጡ የምርጫው ቅደም ተከተል ይለወጣል።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ድሬ ውስጥ የመጀመሪያው ብር መውጣት ያለበት ለውሃ ማጣሪያ ነው፤ ሁለተኛው ለጥሩ ማግኔት፤ ሦስተኛው ለጥቂት ቀንድ አውጣ። ሌላው እንደ ገንዳው ስፋትና እንደ ኪስ የሚታይ ነው። ሐረር ላይ ቅደም ተከተሉ ትንሽ ይላላል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናገኘዋለን።

መጀመሪያ የያዘውን እወቁ

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት መስታወቱ ላይ ያለውን በቅርብ መመልከት ያስፈልጋል። በጣት ሲነካ የሚነሳ ስስ አረንጓዴ ሽፋን ከሆነ ቀላሉ እሱ ነው፤ ማንኛውም ለስላሳ ፓድ ያነሳዋል፣ ቀንድ አውጣም ይወደዋል። ቡናማ ዱቄት ከሆነ ዳያተም ነው። ዳያተም ቅርፊቱን የሚሠራው ከሲሊካ ስለሆነ አዲስ ገንዳ ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢታይ አያስደነግጥም። ገንዳው ከቆየ በኋላ ተመልሶ ከመጣ ግን የምትጨምሩትን ውሃ ጠርጥሩ።

ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ የተጣበቀና ፓድ ተንሸራቶበት የሚያልፈው ጠንካራ አረንጓዴ ምላጭ ይፈልጋል። ሐምራዊ ወይም ሮዝ ሆኖ የጠጠረው ኮራላይን ይባላል፤ ልክ እንደ ኮራሉ ካልሲየም ወስዶ የሚያድግ አልጌ ነው፤ መኖሩም ውሃው ለኮራል የተመቸ መሆኑን ያሳያል። ከፊት መስታወት ላይ ፋቁት፤ ከኋላና ከጎን መስታወት ላይ ግን ብትተዉት እመርጣለሁ። ያምራል፣ ቦታውንም ለአረንጓዴው አይለቅም። ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ልጋግ የመሰለው ደግሞ ሳያኖባክቴሪያ ነው። እሱን በፓድ ማሸት ገንዳው ውስጥ መበተን ነው፤ በቀጭን ቱቦ ስባችሁ ወደ ውጭ አውጡት።

ሌላው መታየት ያለበት የሚመለስበት ፍጥነት ነው። ጠርጋችሁ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ስስ ሽፋን ከተመለሰ ገንዳው ደህና ነው። በማግስቱ ማታ ዓሣው በግድ የሚታይ ከሆነ ውሃው ውስጥ ምግብ ተትረፍርፏል። ሳምንት ሙሉ ጠርቶ ቆይቶ ኮራሎቹ ከገረጡ ደግሞ ውሃው ተርቧል ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚመኘው ነው፤ ግን አትመኙት። የአልጌ ምግብ የሆኑት ናይትሬትም ፎስፌትም ዜሮ ሲገቡ ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ቡናማ፣ አረፋ የቋጠረ ልጋግ ለመውረር መንገድ ያገኛል። አንዳንዱ ዓይነት መርዛማ በመሆኑ የበላውን ቀንድ አውጣ ይገድላል። ስለዚህ ግባችን ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም አካባቢ ማቆየት ነው፤ መስታወቱም በሦስት ቀን አንዴ ይጠረግ።

ማግኔት ወይስ መፋቂያ?

ለዕለት ተዕለቱ ሥራ ማግኔት ያሸንፋል፤ እጅ ውሃ ውስጥ አይገባማ። እጅ ይዞት የሚገባው ሳሙና፣ ቅባት፣ ሽቶ ለኮራል ጥሩ አይደለም። ወደ እጅም የሚመጣ ነገር አለ፦ ዞአንቲድ ከሚባሉት ለስላሳ ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ ይይዛሉ፤ ቁስል ባለው እጅ እነሱን መነካካት አደጋ ነው።

ማግኔት ሲገዛ የሚታየው አንድ ነገር ከሁሉ ይበልጣል፤ የመስታወቱ ውፍረት። ገንዳችሁን መስታወት ቤት ካሠራችሁት ሄዳችሁ "ወንድሜ፣ ያኔ የቆረጥክልኝ ስንት ሚሊ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ወይም ከላይ በኩል በማስመሪያ ለኩ። ለ6 ሚሊሜትር የተሠራ ማግኔት 10 ሚሊሜትር መስታወት ላይ ሲሄድ በመሐል ይለቃል፤ ውስጠኛው ክፍል አሸዋ ላይ ይወድቃል፤ ፓዱ አሸዋ ይነክሳል፤ ከዚያ ስታነሱት መስታወቱን ይጭረዋል። ጭረት አይጠፋም፤ ኮራላይን ደግሞ ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ምላጭም አይደርስበትም። ከልክ በላይ የበረታ ማግኔትም ለስስ መስታወት አይሆንም፤ አልንሸራተት ብሎ ያስቸግራል፣ በመሐል የገባችውን ቅንጣትም ይፈጫል።

ለዚህ ነው የሚንሳፈፍ ማግኔት ትንሽ ተጨምሮበትም ቢሆን እንዲገዛ የምመክረው። ማግፍሎት የሚባለው ዓይነት ሲለቅ ወደ ላይ ይወጣል፣ አሸዋ አይነካም። ፍሊፐር የሚባለው ደግሞ አንዱ ፊቱ ፓድ፣ ሌላው ፊቱ ምላጭ ነው፤ የውጭውን ክፍል በማዞር ውስጡን ይገለብጡታል። ኮራላይን ለበዛበት ገንዳ ይህ እጅግ ይጠቅማል። የትኛውንም ብትገዙ ከአሸዋው በላይ ሁለት ጣት ያህል ቦታ ተዉ፤ ያንን ክፍል በሌላ መንገድ እናጸዳዋለን። ማግኔቱን ገንዳው ውስጥ አስቀምጣችሁ አትርሱት፤ ሽፋኑ ከተሰነጠቀ ብረቱ ዝጎ ውሃው ውስጥ ይበተናል። ሥራው ሲያበቃ አውጡት፣ በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርጉት፣ ክፍሎቹን አራርቃችሁ አስቀምጡ። ጠንካራ ማግኔት የሕፃን ጣት ይቆነጥጣል፤ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ካለው ሰውም መራቅ አለበት።

መፋቂያው ለሁለት ቦታ ያስፈልጋል፦ ለአሸዋው ጠርዝና ለጠጠረ አልጌ። እጀታው ረጅም፣ ምላጩ የማይዝግ ብረት ይሁን። ከሱቅ የሚገዛው የጢም ምላጭም ኮራላይን ይፋቃል፤ ስለትነቱ ከብዙ ውድ መፋቂያ ይበልጣል። ግን ጨው ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚዝግ ከአንድ ጊዜ በላይ አትጠቀሙበት፣ ውስጥም አትተዉት። ምላጩን ቀና አድርጋችሁ ሳይሆን አዘንብላችሁ፣ ከታች ወደ ላይ ግፉ፤ ወደ ታች ከገፋችሁ አሸዋ ይዞ ይመለሳል። ማዕዘኑ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። መስታወቱን ያያዘው ሲሊኮን ነው፤ እሱ ከተቆረጠ ወለሉ ላይ የሚፈሰው ገንዳው ሙሉ ውሃ ነው። ማዕዘኑን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሹት።

ገንዳው አክሪሊክ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ እርሱት፤ ብረት አይነካውም። ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ በቂ ነው፤ ጠርዙ ሲሸራረፍ በሌላ ይቀየራል። የዕቃ ማጠቢያው አረንጓዴ ሻካራ ስፖንጅም አክሪሊክን ያበላሸዋል። ለመስታወት ገንዳም ቢሆን ስፖንጅ ከወጥ ቤት አይምጣ፤ አንዴ ሳሙና የነካውን ምንም ያህል ብታጥቡት አይታመንም። አቼቶና ሎሚ ከገንዳው ውጭ ለሚታጠብ ፓምፕና ቱቦ ናቸው። በውሃ የቀጠነ አቼቶ ውስጥ የተነከረ ፓምፕ ኮራላይኑን በራሱ ይለቃል፤ በደንብ ለቅልቆ መመለስ ነው። በረኪና ከገንዳው አጠገብም አይድረስ።

እጅ ውሃ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ማሞቂያውንና ፓምፑን መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉ። ጨው ውሃ ኤሌክትሪክ በጣም ያስተላልፋል፤ ይህን ማንም ሰው "ለአንድ ደቂቃ ነው" ብሎ አይለፈው።

ቀንድ አውጣ፦ የትኛው ሙቀታችንን ይችላል?

ቀንድ አውጣ ሌሊት ሌሊት የሚሠራ፣ መብራት የማይፈልግ ጽዳት ነው። ስስ አረንጓዴውንና ቡናማውን ይልሳል፤ ኮራላይን አይነካም። መስታወቱ ላይ የዚግዛግ መስመር ትቶ ስለሚሄድ ማግኔቱን አይተካም፤ የጠረጋውን ድግግሞሽ ግን ይቀንሳል። የበላው አልጌ ኩስ ሆኖ እዚያው ውሃ ውስጥ እንደሚቀርም አስቡ። ቀንድ አውጣ ንጥረ ነገርን ከገንዳው አያስወጣም።

ለድሬዳዋ ምርጫዬ ትሮከስ ነው፤ ዛጎሉ ፒራሚድ የሚመስለው። ሙቀት ይችላል፣ ሲገለበጥ ራሱን ይመልሳል፣ አንዳንዴም ገንዳ ውስጥ ይራባል። አስትሪያም ጎበዝ በሊታ ነው፤ ግን አሸዋ ላይ በጀርባው ከወደቀ ብዙ ጊዜ መነሳት አይችልም፣ ካላያችሁት እዚያው ይሞታል። የሜክሲኮ ቱርቦ ትልቅና ፈጣን ስለሆነ ብዙ ሰው ይማርከዋል። እሱ ግን የመጣው ቀዝቀዝ ካለ ባሕር ነው፤ ሞቃት የሪፍ ገንዳ ውስጥ ዕድሜው ያጥራል፣ ቁመናውም ትልቅ ስለሆነ ያልተጣበቀ ኮራል ገፍቶ ይጥላል። 28 ዲግሪ ለሚደርስ የድሬ ገንዳ አልመክረውም። ሐረር ላይ ውሃውን 25 ዲግሪ ላይ ማቆየት ለሚችል ሰው የተሻለ ዕድል አለው።

መስታወትን እንደ ኔሪት አጥርቶ የሚልስ ቀንድ አውጣ ጥቂት ነው። ኔሪት ግን ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ መስታወቱ ላይ ነጫጭ እንቁላል ይጥላል፤ እሱን ለማንሳት ምላጭ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ ከውሃው ወጥቶ ይሄዳል። እኛ ደግሞ ገንዳው እንዲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍተን ማራገቢያ እናደርጋለን፤ ኔሪቱ ሌሊት ወጥቶ ጠዋት ሶፋ ሥር ደርቆ ይገኛል። ክዳን የሌለው ገንዳ ያለው ሰው ይተወው። ሴሪት የሚባለው ቀጭኑ ደግሞ ማታ ወጥቶ አሸዋውንና የመስታወቱን ታችኛ ጠርዝ ያጸዳል፤ ማግኔት የማይደርስበት ያ ሁለት ጣት ቦታ የእሱ ነው። ስለዚህ ትሮከስና ሴሪት ቀላቅላችሁ ያዙ።

ለ200 ሊትር ገንዳ 6 ትሮከስና ጥቂት ሴሪት መጀመሪያ ይበቃል። ሻጭ ብዙ እንድትወስዱ ሊገፋፋችሁ ይችላል፤ ብዙ ቀንድ አውጣ አልጌው ሲያልቅበት ይራባል፣ የሞተው ይበሰብሳል፣ ብስባሹ እንደገና አልጌ ያበቅላል። ሲገቡ የውሃውን ጨዋማነት ቀስ በቀስ በጠብታ አላምዷቸው፤ ከዓሣ ይልቅ እነሱ ድንገተኛ ለውጥ ይጎዳቸዋል። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ቀንድ አውጣንም ኮራልንም ይገድላል። ኸርሚት ሸርጣን ከያዛችሁ ደግሞ ባዶ ዛጎል አስቀምጡለት፤ ካጣ ቀንድ አውጣውን ገድሎ ቤቱን ይወስዳል።

ጅቡቲ ቅርብ ናት፤ ባሕሩም ሀብታም ነው። "ከዳርቻው ለቅሜ በጠርሙስ በባቡር ላምጣ" የሚል ሐሳብ ለድሬ ሰው መምጣቱ አይቀርም። እባካችሁ አታድርጉት። ድንጋያማ ኮራሎች ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገሩ በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት የተጠበቁ ናቸው። ቀንድ አውጣን በተመለከተ ሌላ አደጋም አለ፦ በቀይ ባሕርና በአካባቢው ኮነስ የሚባሉ፣ ዛጎላቸው ሾጣጣና በጣም ያማረ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ። መርዘኛ መርፌ አላቸው፤ የአንዳንዱ ንድፊያ ሰው ይገድላል። ዓይነቱን የማታውቁትን ዛጎል በእጃችሁ አታንሱ። በሕጋዊ መንገድ፣ ሰነድ ካለው አስመጪ ግዙ።

ዓሣና የባሕር ጃርት

ለመስታወት ብሎ ዓሣ መግዛት ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ብሪስልቱዝ የሚባሉት ታንጎች፣ ለምሳሌ ኮሌ ታንግ፣ ማበጠሪያ በመሰለ ጥርሳቸው ስሱን ሽፋን ከመስታወት ላይ ያነሳሉ፤ ግን ሰፊ መዋኛ ይፈልጋሉ። ከ300 ሊትር በታች ገንዳ ያለው ሰው አያስበው። ሎንሞወር ብሌኒ ለአነስተኛ ገንዳ ይሆናል፤ መስታወቱ ላይ የከንፈሩ ምልክት ሲቀር ማየት ደስ ይላል። አልጌው ሲያልቅ ግን ይከሳል፤ ኖሪ የሚባለው የደረቀ የባሕር አልጌ ካልቀረበለት ይሞታል። የባሕር ጃርት፣ በተለይ ቱክሲዶ የሚባለው፣ ኮራላይን የሚግጥ ብቸኛው አማራጫችሁ ነው ማለት ይቻላል። ሆኖም ያልተጣበቀ ነገር ሁሉ ጀርባው ላይ ተሸክሞ ይዞራል፣ አክሪሊክንም በጥርሱ ይጎዳል። ፊት መስታወቱ ብቻ ለሚያሳስበው ሰው ምላጭ ይሻለዋል።

ዋናው ነገር ውሃው ነው

እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ድሬዳዋ ላይ የመስታወት አልጌ የሚጀምረው ከዚህ ነውና።

ሙቀት ሲበረታ ገንዳው ላይ ማራገቢያ እናደርጋለን። ትክክል ነው፤ ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ገንዳው ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ነው። ጨውም፣ ናይትሬትም፣ ዳያተም ቅርፊቱን የሚሠራበት ሲሊኬትም እዚያው ይቀራሉ። በጎደለው ልክ የቧንቧ ውሃ በጨመራችሁ ቁጥር አዲስ ናይትሬትና ሲሊኬት ትጨምራላችሁ፤ የሚወጣ ደግሞ የለም።

በቁጥር እንየው። 200 ሊትር ገንዳ በሙቀቱ ወር በቀን 4 ሊትር ቢተንበት በ30 ቀን 120 ሊትር ትሞሉለታላችሁ። የቧንቧው ውሃ በሊትር 30 ሚሊግራም ናይትሬት ቢኖረው፣ በወሩ የገባው 3,600 ሚሊግራም ነው፤ ለ200 ሊትር ሲካፈል በሊትር 18 ሚሊግራም። ባክቴሪያና ኮራል የተወሰነውን ቢወስዱም፣ ከዓሣው ምግብ ከሚመጣው ጋር ተደምሮ ከምንፈልገው 10 ሚሊግራም በላይ ይገፋል። ልብ በሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው የናይትሬት መጠን በሊትር እስከ 50 ሚሊግራም ነው። ለልጆቻችሁ ደህና የሆነ ውሃ ለኮራል ደህና ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከምንም በፊት የናይትሬት መለኪያ ኪቱን አውጥታችሁ የቧንቧችሁን ውሃ ለኩ። ሳቢያን ያለ ቤትና ከዚራ ያለ ቤት አንድ ዓይነት ውጤት ላያገኙ ይችላሉ፤ በበጋና በክረምትም ይለያያል።

መፍትሔው የአርኦ ማጣሪያ ነው፤ ውሃውን በስስ ሽፋን ገፍቶ የሚያሳልፍ፣ በመጨረሻ ደግሞ የተረፈውን የሟሟ ነገር የሚይዝ ዲአይ ሬዚን ያለበት። የሟሟ ነገር መለኪያው ቲዲኤስ ሜትር ከማጣሪያው በሚወጣው ውሃ ላይ 0 ማሳየት አለበት፤ ቁጥሩ መውጣት ሲጀምር ሬዚኑ ይቀየራል። በእኛ ጠጣር ውሃ ሬዚንም ሽፋንም ቶሎ ይደክማሉ፤ መለዋወጫውን አብራችሁ ግዙ።

ሁለት ነገር አስቀድማችሁ እወቁ። አንደኛው ግፊት ነው። አርኦ በደንብ የሚሠራው ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ሲያገኝ ነው። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ በየ10 ሜትር ከፍታው 1 ባር ብቻ ይሰጣል፤ 5 ሜትር ላይ ያለ ሮቶ ግማሽ ባር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከማጣሪያው ጋር ግፊት ማሳደጊያ ፓምፕ ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ ማጣሪያ ገዝተው "አይሠራም" ብለው የሚጥሉ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝነኛል። ሁለተኛው የሚጣለው ውሃ ነው፤ ለ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 3 ወይም 4 ሊትር ይወጣል። ውሃ ውድ በሆነበት ከተማ ወደ ፍሳሽ አትልቀቁት። በጄሪካን ተቀብላችሁ ለልብስ፣ ለወለል፣ ለሽንት ቤት አድርጉት።

አርኦ ለማይችል ሰው ሌላ ምን አለ? ጋራዥና መለዋወጫ ሱቅ ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ለትንሽ ገንዳ ይሆናል፤ በቲዲኤስ ሜትር ለክታችሁ፣ ከባትሪ አሲድ ጠርሙስ ጋር እንዳይቀያየር ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብባችሁ። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ማዕድን አለው፤ ወጪውም ሲደመር ማጣሪያ ይገዛ ነበር። የዝናብ ውሃ በጥሩነቱ ይታወቃል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ከሆነ ግን ዚንክ ይዞ ይመጣል። ከኤርኮንዲሽነር የሚንጠባጠበው ውሃም ንጹሕ ይመስላል፤ የመዳብ ቱቦ ነክቶ ስለሚወርድ ለቀንድ አውጣና ለኮራል መርዝ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁለቱን ተዉ።

ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፣ ከገንዳ የሚተነው ውሃ ከድሬው ያንሳል። እዚያ ማራገቢያ ሳይሆን ማሞቂያ ነው የሚያሳስበው። ስለዚህ የመጨመሪያው ውሃ ጫና ቀለል ይላል፤ ማግኔትና ቀንድ አውጣ መጀመሪያ ገዝቶ ማጣሪያውን ቀስ ብሎ ማምጣት ይቻላል። የሐረር ፈተናዋ ሌላ ነው፦ የሐረማያ ሐይቅ ከዓመታት በፊት ደርቆ ከነበረ ወዲህ ውሃ ከሩቅ ጉድጓዶች ይመጣል፣ ሰውም ሲመጣለት በሮቶና በበርሜል ያጠራቅማል። የዛሬው ውሃ ያለፈው ሳምንት ውሃ ነው ብሎ ማሰብ አይቻልም፤ ከእያንዳንዱ ሙሌት አንድ ብርጭቆ ለኩ።

የቀሩት አማራጮች

ፎስፌት የሚመጠው ጂኤፍኦ፣ ቡናማው የብረት ቅንጣት፣ መለኪያችሁ ከ0.1 በላይ ሲያሳይ ይጠቅማል። ከታዘዘው ግማሽ ጀምሩ። ፎስፌት በአንድ ቀን ሲወድቅ ኮራል ይደነግጣል፤ ወደ ዜሮ ሲገባ ደግሞ ከላይ ያልኩት ዳይኖፍላጀሌት ይመጣል።

አልጌን በአልጌ መቀነስ የሚወዱ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ሳምፕ በሚባለው፣ ከዋናው ገንዳ ሥር ባለ ረዳት ገንዳ ውስጥ ኬቶሞርፋ የሚባለውን የተጠቀለለ የባሕር አልጌ ማሳደግ፣ ወይም ሻካራ የፕላስቲክ መረብ ላይ ውሃ እያፈሰሱ በብርሃን አልጌ ማብቀልና በየሳምንቱ ፍቆ መጣል። ንጥረ ነገሩ ከገንዳው ጨርሶ የሚወጣበት መንገድ ይህ ነው። መረቡን፣ ቱቦውንና ኤልኢዲውን ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ አሰባስቦ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ግን መረቡ ይደርቃል፣ አልጌው ይሞታል፤ ኢንቨርተር ለሌለው ቤት ኬቶሞርፋ ይሻላል፣ እሱ ውሃ ውስጥ ስለሆነ ይታገሳል።

የዩቪ መብራት የሚገድለው በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ በመብራቱ ፊት የሚያልፈውን ብቻ ነው፤ መስታወት ላይ የተጣበቀውን አይነካም። አዲስ ሽፋን የሚመጣበትን ፍጥነት ሊያዘገይ ይችላል። ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ውሃውን ያሞቃል፣ አምፖሉም በዓመት ገደማ ኃይሉን ያጣል። ሙቀት ለሚፈታተነው የድሬ ገንዳ የመጨረሻ ላይ የማስበው እሱን ነው።

ብርሃን ግን ገንዘብ አያስወጣም። ገንዳው ከበር ወይም ከመስኮት ፀሐይ የሚያገኘው ከሆነ መጋረጃ አድርጉ ወይም ቦታውን ቀይሩ፤ የድሬ ፀሐይ መስታወቱን በአንድ ከሰዓት አረንጓዴ ማድረግ ይችላል። የገንዳው መብራት በቀን ለ8 ወይም ለ10 ሰዓት ያህል ቢበራ ይበቃዋል፤ ሰማያዊው ይብዛ፣ ነጩና ቀዩ ይቀነስ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ገንዳውን ለሳምንት ያህል በንቃት ተከታተሉ። ፓምፕ ሲቆም ኦክሲጅን ይወርዳል፣ በሞቀ ውሃ ደግሞ ይብስ፤ በድንጋዩ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ፍጥረታት ይሞታሉ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ መስታወቱ ድንገት ይለብሳል። ያኔ መድኃኒት ፍለጋ አትሂዱ። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ከሁሉ ርካሹ መከላከያ ነው።

እንግዲህ ለየትኛው ቤት የትኛው?

ድሬ ላይ 100 ሊትር ገደማ ትንሽ ገንዳ ላለው፦ የተጣራ ውሃ ከየትም ይምጣ፣ አንድ የሚንሳፈፍ ማግኔት፣ 3 ትሮከስ። ሌላ ምንም አትጨምሩ። 200 ወይም 300 ሊትር ላለው፦ አርኦ ከነፓምፑ፣ ውፍረቱን ያገናዘበ ምላጭ ያለው ማግኔት፣ ትሮከስና ሴሪት፣ ሳምፕ ካለ ኬቶሞርፋ። ከዚያ በላይ ለሆነ ሰፊ ገንዳ ታንግ ይታሰብ፣ ለኮራላይኑም ረጅም እጀታ ያለው መፋቂያ አይቅር። አክሪሊክ ገንዳ ላለው የባንክ ካርድና ለአክሪሊክ ተብሎ የተሠራ ፓድ፤ የባሕር ጃርት አይግባ። ሐረር ላለው ደግሞ ማግኔቱ ይቅደም፣ ማሞቂያው አስተማማኝ ይሁን፣ ማጣሪያው ይከተል።

የምትጠርጉት ውሃ ከመቀየራችሁ በፊት ይሁን፤ የተነሳው አልጌ ከሚወጣው ውሃ ጋር አብሮ እንዲሄድ። ጠርጋችሁ ስትጨርሱ የሱፍ ማጣሪያውን ቀይሩ፤ የተያዘው አልጌ እዚያ ከበሰበሰ ተመልሶ ምግብ ይሆናል።

ለቁልቢም ይሁን ለሌላ ጉዳይ ከቤት ስትርቁ ገንዳውን ለሚጠብቅላችሁ ሰው መስታወቱን እንዲጠርግ አትዘዙት። ቢለብስ ለዓሣውም ለኮራሉም ጉዳት የለውም፤ መጥታችሁ ትጠርጉታላችሁ። የውሃውን ልክ በፕላስተር ምልክት አድርጉለት፣ ንጹሕ ውሃውን ከነጄሪካኑ አጠገቡ አስቀምጡለት። ምግቡን ግን የእያንዳንዱን ቀን ለብቻ በትንንሽ ላስቲክ ቋጥራችሁ፣ የቀረውን ቆልፋችሁ ሂዱ፤ እንግዳ እጅ ለዓሣ ሲያዝን ምግብ ያበዛል።